ውሃ የጠጣው ሽማግሌ

ሰው ስለ ሽንቱ ወግ ይጽፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም አይጽፍም እል ነበር። ሰው ስለ ጥርሱ፣ ስለ ሪሁ፣ ስለ ጨጓራው ያወራል። ጨጓራማ በኛ አገር የክብር ነገር ነው፤ «ጨጓራዬን» የማይል ሰው ከድግስ ቤት ደርሶ የማያውቅ ይመስላል። ከእምብርት በታች ያለው ግን እንደ ጎረቤት ገመና ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። እኔም ሳላነሳው ኖርኩ። ባለማንሳቴ የመጣውን ጣጣ ነው ዛሬ የማወጋችሁ። ብትስቁ አልቀየምም፤ እኔም አንዳንዱ ቦታ ላይ ስደርስ እስቃለሁ። ሌላው ቦታ ላይ ስደርስ ግን አንገቴን እደፋለሁ።

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጨርሼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፍርድ ቤት ሌላ ነገር ባያስተምር መቀመጥ ያስተምራል፤ ዳኛ ይቀየራል፣ ባለጉዳይ ይሞታል፣ ጸሐፊ ይቀመጣል። ጡረታ ስወጣ ይቺኑ ሙያዬን ይዤ ሽማግሌ ሆንኩ። ባልና ሚስት አስታርቃለሁ፣ ድንበር የተጋፉ ጎረቤቶችን እሸመግላለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ለጋብቻ እላካለሁ። ዝናዬ በአንደበት አይደለም፣ አንደበት ያላቸው ሞልተዋል። የእኔ ዝና በመቀመጥ ነው። «እሱ ከተቀመጠ ተነስቶ የሚሄደው ጠቡ ነው» ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ አፌ «ኧረ ተዉኝ» ይላል፣ ሆዴ ግን ደስ ይለዋል።

ታዲያ ሰው ምቀኛ አያጣም፤ የእኔ ምቀኛ ከውስጤ ወጣ። ፊኛዬ ከዳኝ። መጀመሪያ ችኩል ሆነ፤ ወንበር ላይ ሳልደላደል ተነስ ይለኛል። ቀጥሎ ደግሞ ዳተኛ ሆነ፤ ተነስቼ ስሄድለት አልመጣም ይላል። ጓሮ እወጣለሁ፣ ግድግዳውን በአንድ እጄ ተደግፌ እቆማለሁ፣ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ከበር ላይ «ጓሮ ምን ታደርጋለህ?» ትለኛለች። «ጎመኑን እያየሁ ነው» እላታለሁ። ጎመኑን እንደኔ አዘውትሮ ያየ ገበሬ በጎጃም ምድር አልተፈጠረም።

ሐኪም ቤት አልሄድክም ወይ ለሚለኝ፣ ሄጃለሁ። ካርድ ክፍል ስደርስ የተቀመጠችው የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ክርስትናዋን የበላሁላት። «ጋሼ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለችኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። «ራሴን» አልኳት። የራስ ምታት ኪኒን ተሰጥቶኝ ተመለስኩ፤ ኪኒኑንም ሳልውጠው አልቀረሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ መድኃኒቱንስ አግኝቻለሁ፣ ያገኘሁት ግን የሌላ በሽታ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቀን ይጁቤ ለሩቅ ዘመዳችን ለቅሶ ሄድኩ። በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥኩት ከሁለት ቄሶች መካከል ነው። ሽንቴ መጣ። ከሁለት ቄስ መሐል በምን ዓይኔ ልነሳ? ያዝኩት። ፍትሐቱም አለቀ፣ ንፍሮውም ዞረ፣ እኔ እንደያዝኩ ነው። በመጨረሻ ሹልክ ብዬ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ስቆም ጠብ የሚል ነገር የለም። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ላቤና እንባዬ እየተቀላቀለ ወርዶ ሰው ደግፎ መኪና ላይ ሲጭነኝ፣ ሴቶቹ «ሟቹን እንዴት ቢወደው ነው!» እያሉ ደረት መቱልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ የሟቹ ቤተሰብ ከነሱ አብልጬ ያለቀስኩ መስሏቸው ሲያዩኝ ይነሱልኛል።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገባሁ። ዶክተሩ ሆዴን መታ መታ አድርጎ «ፕሮስቴት ነው፤ ዕጢው አብጦ መንገዱን ዘግቶታል» አለ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሲስተር መጥታ ቱቦውን ሽንቱ በሚመጣበት መንገድ... ይቅር፣ ይሄን ባታውቁት ይሻላል። የሚታወቀው የመጣልኝ እፎይታ ነው። ሲስተሯን መረቅኳት። እናቷን መረቅኩ። ያንን ጎማ የሠራውን አገር ሳላውቀው መረቅኩት። ዕጢው በቀዶ ሕክምና እስኪወጣ ተራ መጠበቅ አለብህ፣ እስከዚያ ድረስ ቱቦው አይወጣም ተባልኩ። ጫፉ ላይ የሽንት ከረጢት ተንጠለጠለበት።

ሲስተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆማ አንድ በአንድ ነገረችኝ። «አባባ፣ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብዎ በታች ይሁን፤ ከፍ ካለ ሽንቱ ተመልሶ ይገባል። ቱቦው አይታጠፍ፣ አይታሰር። ከረጢቱን ሞልቶ እስኪወጠር አይጠብቁ፣ ይድፉት፤ ከመንካትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቱቦው የሚገባበትን ቦታ በየቀኑ በውሃና በሳሙና ያጽዱ። ውሃ ደህና አድርገው ይጠጡ፤ ካልጠጡ ሽንቱ ይወፍርና ቱቦውን ይደፍነዋል። መውረዱን ካቆመ፣ ወይም ካተኮሰዎት ወዲያው ይምጡ። ደግሞ አይፈሩ፣ ለቤተሰብዎ ይንገሩ።»

ሁሉንም ሰማሁ። የመጨረሻዋን ግን ምክር እንጂ ሕክምና አይደለችም ብዬ እዚያው ትቻት ወጣሁ።

ከባለቤቴ በቀር ማንም አላወቀም። ከረጢቱን መጀመሪያ ዘንቢል ውስጥ ከትቼ መንገድ ወጣሁ። ዘንቢል የያዘ ወንድ ግን በኛ ሰፈር በሰላም አያልፍም። «ምን ገዛህ?» «ቲማቲም ስንት ገባ?» እያሉ አላሳልፍ አሉኝ፤ አንዷማ እጇን ልትሰድ ስትል ቲማቲሙ ፈስሷል ብዬ ሸሸሁ። ከዚያ በኋላ በባለቤቴ መቀነት ከባቴ ላይ አስሬ ከሱሪ ውስጥ ደበቅኩት። ከላይ ጋቢ፣ ከታች ሱሪ፣ በመካከል ምሥጢር ይዤ ከተማውን ዞርኩት።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ሙሉቀን የመጣው። ሙሉቀን የእህቴ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ አባቱም አጎቱም እኔ ነኝ። የብየዳ ቤት አለው፤ የከተማው ግማሽ የብረት በር የእጁ ሥራ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ዓይኑን ብረቱ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይጥልም። የዚያን ቀን ግን እጁን እያፍተለተለ ብዙ ተናገረ። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ስትማር ያወቃት ስለናት የምትባል የደምበጫ ልጅ አለች። ይዋደዳሉ።

«ጋሼ፣ የአረብ አገር መሄጃ ወረቀቷ ተሟልቷል» አለኝ። «አክስቷ ናት የምታስኬዳት። እሷ ግን "ሽማግሌ ላክ፤ አባቴ እሺ ካለ እቀራለሁ። ካላለ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እጠብቃለሁ? ጾሙ ሳይገባ እሄዳለሁ" ብላኛለች። ጾሙ ደግሞ ደረሰ። እርስዎ ከተቀመጡልኝ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።»

እርስዎ ከተቀመጡልኝ አለ። ይህን ቃል ሰምቼ እንዴት አልችልም እላለሁ?

ባለቤቴ ልጁ እንደወጣ ያዘችኝ። «ንገረውና ሌላ ሰው ይሂድ። ካልሆነም ለመሪጌታ ንገራቸው፣ እሳቸው ያሳጥሩልሃል።»

«መሪጌታን ምን ልበላቸው? ልመና ልንሄድ ነው፣ ሽንቴንም ይዤ ነው ልበላቸው?»

«አዎ፣ እንዲያ በላቸው። ምን አለበት?»

ምንም አልነበረበትም። ይሄ አሁን ሲገባኝ ነው የሚያንገበግበኝ። መሪጌታ ስሜነህ እንኳን የእኔን ቱቦ ስንቱን የንስሐ ገመና ሰምተው ዝም ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ግን የፍርድ ቤት ሰው ነኝና የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ያልገባ ፋይል አይወጣም፤ ያልጠጡት ውሃም እንደዚያው። ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ የሚባል ነገር በአፌ ሳላዞር አደርኩ። የሲስተሯን ነገር ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ለአንድ ቀን ምን ይሆናል አልኩ።

ሦስት ሆነን ደምበጫ ሄድን። መሪጌታ ስሜነህ ተናጋሪ ናቸው፤ ሊቅ ናቸው፣ ንግግራቸው ያማረ ነው፤ ችግሩ ማር ጠብታው ካማረ እንስራው አያልቅም። ሦስተኛው አቶ አንለይ ናቸው። አቶ አንለይ ጆሯቸው አይሰማም፤ ነገር ግን ቁመታቸውና የጋቢያቸው ንጣት ለሽምግልና የተፈጠረ ስለሆነ ሁሌም ይዘናቸው እንሄዳለን።

የስለናት አባት አቶ ይበልጣል ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ቤቱ። ደህና ገበሬ ነው፤ ጭዱ ተከምሯል፣ ግቢው ተጠርጓል። ፊቱ ግን ጠቁሮ ነው የተቀበለን። ኩራት መሰለኝ። እንደ ደንቡ ከምሰሶው ሥር ቆምን።

«ቤት ለእንግዳ ነው፣ ተቀመጡ» አለ።

«ለጉዳይ ነው የመጣን፤ ልመናችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆማችሁም ቢሆን ቶሎ ተናገሩ!» አለ።

እንዲህ ያለ የሴት ልጅ አባት አይቼ አላውቅም። የሴት ልጅ አባት ይንቀረፈፋል እንጂ አይቸኩልም። በስንት ልመና ተቀመጥን። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎልኛል፤ መደቡ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቱቦው እዚያች ላይ ታጠፈ። ባለቤትየዋ ጠላና እንጀራ አቀረበች። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው «ጉዳያችን ሳያልቅ እህል ውሃ አንቀምስም» አሉ።

ይሄ የወግ ማሳመሪያ አይደለም፣ ሕግ ነው። የሽማግሌ መሣሪያው ረሃቡና ጥማቱ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ጦሙን ተቀምጦ ሲያይ ይጨንቀዋል፤ ተጨንቆም እሺ ይላል። ሽማግሌው አንዲት ጉርሻ ከጎረሰ፣ አንዲት ጉንጭ ከጠጣ ግን መሣሪያውን አስረከበ ማለት ነው። ይህን ሕግ ለስንት ወጣት ሽማግሌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

መሪጌታ ከፍጥረት ጀመሩ። ሴት ከጎድን መፈጠሯን፣ ከራስ ያልሆነው እንዳትታበይ፣ ከእግር ያልሆነው እንዳትረገጥ መሆኑን አብራሩ። የጥፋት ውሃ ላይ ሲደርሱ ሆዴ መወጠር ጀመረ። አቶ ይበልጣል ብድግ አለና «ላሟ ልትወልድ ነው፤ አይቻት ልምጣ» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወጣ። እንደገና ተመለሰ። «ወለደች?» አሉት አቶ አንለይ በምን ተአምር እንደሰሙ እንጃ። «ኧረ የለም፣ እያማጠች ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። ላሟ የሰው ያህል ታስጨንቀዋለች ብዬ አደነቅሁ።

እኔ በዚህን ጊዜ የይጁቤው ድንኳን ውስጥ ተመልሼ ገብቻለሁ። ከረጢቱን በሱሪዬ ላይ ብዳብሰው ባዶ ነው። አንድም ጠብታ አልወረደም። ሲስተሯ በጆሮዬ «ውሃ ካልጠጡ ይደፈናል፣ ይደፈናል» ትላለች። መሪጌታ ደግሞ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ከጥንት አባቶች አንዱ ለልጁ ሚስት እንዲያመጣ ሎሌውን ልኮ፣ ሎሌው ከጉድጓድ ዳር ቆሞ ቆንጆዋን «ውሃ አጠጪኝ» እንዳላት ይተርካሉ። እንስራው ከትከሻ ሲወርድ በእጃቸው ያሳያሉ። ውሃው ሲንቆረቆር በአፋቸው ያሰማሉ። «ውሃ አጠጪኝ አላት! እሷም እሺ ጌታዬ ጠጣ አለችው! እሱም ጠጣ!»

«እኔንም!» አልኩ። «ውሃ! ውሃ ስጡኝ!»

መሪጌታ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ውሃ ለጠየቀ እንቢ አይባልምና ባለቤትየዋ ወደ ጓዳ ተጣራች። ይዛ የመጣችው ራሷ ስለናት ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስትሰማ ቆይታለች። ማሰሮውን አዘንብላ ቀዳችልኝ። ሽማግሌ ውሃ ጠጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም፤ ሙሉቀን እንዴት ያለ ሰው ላከብኝ ነው የሚለው። እኔም ጠጣሁ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ውሃው ከማሰሮ ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ ጉሮሮዬ ሲንቆረቆር በዚያ ጸጥታ ውስጥ እንደ ምንጭ ይሰማል።

አቶ ይበልጣል ፊቱ ተለዋወጠ። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ። «በሉ እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ውሃም ተቀምሷል፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። መልሱን ከፋሲካ በኋላ» አለና ሊመርቁት የተዘረጋውን የመሪጌታን እጅ ሳያይ ወጣ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ማሰሮው ይመስለኛል።

ለመሄድ ብድግ ስል እግሬ ተዘረጋ፤ ቱቦውም ተቃና። በዓለም ላይ ጊዜውን ያላወቀ ነገር ቢኖር ያኔ የወረደው ሽንቴ ነው። ከረጢቱ ሞልቶ መቀነቱን ሊበጥስ ደረሰ። ልድፋ ብዬ እየተንቆራጠጥኩ ወደ ጭዱ ክምር ጀርባ ዞርኩ። እዚያ አቶ ይበልጣል ቆሟል። አንድ እጁን ክምሩ ላይ ደግፎ፣ ግንባሩን ጭዱ ውስጥ ቀብሮ። ላምም ጥጃም አጠገቡ የለም።

ሁለታችንም ደነገጥን። እሱ ልብሱን ሰበሰበ፣ እኔ ጋቢዬን። አሳለኝ። እሱንም አሳለው።

«ጭዱ ዘንድሮ ጥሩ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ጥሩ ነው። ጤፉ ሰጥቷል» አለኝ።

«ዝናብ እንዳያገኘው።»

«አይ፣ በደንብ ተከድኗል።»

እንዲህ ተባባልን። ያንን አቋቋም እኔ አላውቀውም? በጎመኔ አጠገብ ስንት ዘመን የቆምኩት አቋቋም ነው። አንዲት ቃል ብቻ ከአፌ ብትወጣ ኖሮ! «እኔም እንደዚህ ያደርገኛል» ብል ኖሮ! ጭዱ መሐላችን ሆኖ ማንም ሳይሰማን ነገሩ ሁሉ ይቃና ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ጭድ አውርተን ተለያየን።

በመንገድ ላይ መሪጌታ ዳዊታቸውን ደገሙ። በኋላ «ያ ሎሌ ውሃ የለመነው ከጉድጓዱ ዳር ነው። ቤት ከገባ በኋላ ግን የመጣሁበትን ሳልናገር አልበላም ነው ያለው። ይሄን ልነግርህ ስል ነው የቀደምከኝ» አሉኝ። አቶ አንለይ ደግሞ እሺ የተባልን መስሏቸው ደብረ ማርቆስ እስክንገባ «እንኳን ደስ ያለን፣ ደግ ሰው ነው፣ ውሃም አጠጣን» እያሉ መረቁ። ማንም ሊያርማቸው ልብ አላገኘም።

የተረፈው በአጭሩ ይኸው ነው። ከደምበጫ እንደተመለስኩ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አተኮሰኝ፣ ቃዠሁ። የታፈነው ሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ ሆስፒታል አስተኛኝ። ሲስተሯ መቀነቱን ከባቴ ላይ ስትፈታ «አባባ፣ ማን ነው እንደ በግ ያሰረዎት?» አለችኝ። ሙሉቀን ሊጠይቀኝ የመጣው ስለናት የምትሄድ ቀን አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሶ ነው። አልተሰነባበቱም፤ ከሩቅ ነው ያያት። ቱቦውን አየ፣ ከረጢቱን አየ፣ እኔን አየ። ገባው። ትራሴን አስተካክሎልኝ ሄደ።

ቤቴ ስገባ ከአልጋዬ አጠገብ አንድ ነገር ቆሞ ጠበቀኝ። የከረጢት መስቀያ ነው፤ ከብረት የተሠራ፣ ከወገብ ዝቅ ያለ፣ እግሩ የማይናጋ፣ ጫፉ ላይ ጠምዘዝ ያለ አበባ ያለው። ሙሉቀን ሲስተሯን ጠይቆ ነው ልኩን የወሰደው። ባለቤቴ ብረቱን ዳሰስ አድርጋ «ይሄኮ ለሙሽራ አልጋው የገዛው ነው» አለችኝ። ማታ ማታ ከረጢቴን እዚያ አበባ ሥር ስሰቅል ሆዴ ይባባል። ልጁ ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

ፋሲካ አለፈ። ቱቦ ላስቀይር ሆስፒታል ሄድኩና ኮሪደሩ ላይ ተራ ያዝኩ። አጠገቤ አንድ ሰው ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ጉልበቱ ላይ ዘንቢል አቅፎ ተቀምጧል። ዘንቢሉን የሚያቅፈው እንደ ሕፃን ነው። አወቅሁት፤ መጀመሪያ ዘንቢሉን፣ ቀጥሎ ሰውየውን።

«አቶ ይበልጣል» አልኩት፣ «ዘንቢሉን ወደ መሬት ዝቅ ያድርጉት። ከፍ ሲል ተመልሶ ይገባል።»

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ከፊቴ ወደ ሱሪዬ ወረደ፤ እኔም ሱሪዬን ትንሽ ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ መስሎኝ ልስቅ ስል ሳቅ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ።

«አንተ ነህ ያስወጣኸኝ» አለኝ፤ አንተ ተባባልን። «ስወጣ ስገባ፣ ስወጣ ስገባ፣ ጠብ አልል ብሎኝ ነው። የመሪጌታን ነገር እንደምንም ጥርሴን ነክሼ ልጨርስ፣ እሺ ልበል ብዬ ተቀምጫለሁ። አንተ ውሃ ስትጠጣ ያ መንቆርቆሩን ስሰማ የምሆነውን አጣሁ። በሰው ፊት ከምዋረድ ብዬ ከፋሲካ በኋላ አልኩ።»

«እሺ ልትል ነበር?»

«ልጄን አረብ አገር ልልካት ነበር እንዴ ያማረኝ? ሽማግሌ መጣልኝ ብዬ ስእለት ያገባሁ ሰው ነኝ! ጾሙ ሳይገባ እንደምትሄድ ማን ነገረኝ? እኔ ላም ወለደች አልወለደች ስል እሷ ሻንጣዋን ዘጋች።»

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። አቶ ይበልጣል ቁጥሩን አይቶ ተቃና፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ድምፁን አወፈረ። «ስሉዬ! ደህና ነሽ ልጄ? እኔማ ደህና ነኝ። ምን ይዞኝ! ገበያ ነኝ። አዎ፣ በሬ እየተዋዋልን ነው» አለ፤ ዘንቢሉን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር እየገፋ፣ ልጅቷ ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ የምታየው ይመስል። ያኔ ሲስተሯ በሩን ከፍታ «አቶ ይበልጣል!» ብላ ተጣራች። ተርበተበተ። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጦ «አጫውታት፤ ይቺን ነገር ግን እንዳትነግራት» ብሎኝ ዘንቢሉን ይዞ ገባ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» ትላለች ስለናት። ከኋላዋ የሌላ አገር ልጅ ያለቅሳል።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ደብረ ማርቆስ፣ የሙሉቀን አጎት፣ ያኔ ቤታችሁ የመጣሁት።

«ውሃ የጠጡት ሽማግሌ?» አለች።

«እኔ ነኝ ልጄ።»

የዚያን ጊዜ ተነሳሁ። ለልመና የሚቆም ሽማግሌ እንደሚነሳው ነው የተነሳሁት፤ በአንድ እጄ ስልኩን፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማ። ከፍጥረት አልጀመርኩም። ሽንቴን፣ ቱቦዬን፣ ውሃ አለመጠጣቴን፣ ጭዱን፣ ላሚቷን፣ ገበያ የተባለው ቦታ ምን እንደሆነ፣ ሙሉቀን ያኔ ምንም እንዳላወቀ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ስጨርስ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እኔኮ ቀልዳችሁብኝ ነው ብዬ ነው የሄድኩት» አለች። «ለዚህ ነው?»

ስንቱን አስታርቄ፣ ስንቱን ዳኝቼ፣ ለስንቱ መልስ አግኝቼ ኖሬያለሁ። ለዚህች ጥያቄ መልስ አላገኘሁላትም። እሷም አልጠበቀችኝም፤ «በቃ፣ አባዬን ውሃ በደንብ ይጠጣ በሉልኝ» ብላ ዘጋችው።

አቶ ይበልጣል ዘንቢሉን ዝቅ አድርጎ ይዞ ወጣ። ከፊቴ ቆሞ እጁን ለስልኩ ዘረጋ።

«ምን አለች?»

«ውሃ በደንብ ይጠጣ ብላለች» አልኩት። ያቺን ጥያቄዋን ለራሴ አስቀረኋት፤ ከዚያ ወዲህ የደበቅኩት ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ናት።